ሐረር ጀጎልን በአንድ ምሽትና በአንድ ጠዋት ከአስጎብኚ ጋር ማየት

ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ ትንሽ ናት። ግንቡ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡም 48 ሄክታር ብቻ ስለሆነ ጤነኛ ሰው ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ሆኖም ሁለት ቀን አድሮ ከተማዋን ሳያያት የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰዓት አያያዝ ነው።

የተለመደው ፕሮግራም እንዲህ ይሄዳል። በጠዋት ከድሬዳዋ ይነሳሉ፣ አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ ሐረር ይገባሉ፣ አንድ ሙዚየም አይተው ምሳ ይበላሉ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ጀጎል ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ጀጎል ውስጥ የሚታይ የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ ሙዚየሙ ለምሳ ይዘጋል፣ ሰው ጫቱን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፣ ፀሐዩም መንገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የተዘጋ በር እያዩ መዞር ነው። ማታ ጅብ ሲመገብ አይተው ያድሩና በማግስቱ ጠዋት፣ ከተማዋ በደንብ በነቃችበት ሰዓት፣ ሻንጣ ይዘው ይመለሳሉ።

መገልበጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ግቡ፣ ማታ ጅቡን እዩ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጀጎልን በእግር ሂዱ፣ ምሳ በልታችሁ ተመለሱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ አካሄድ የተሠራ ነው።

እስክትደርሱ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ድሬዳዋ ነው የሚያርፈው፤ ሐረር የራሷ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ። መንገዱ የደንገጎን ዳገት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ ይወጣል፤ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ 1,900 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ድሬዳዋ በሸሚዝ የነበረ ሰው ሐረር ማታ ሹራብ ይፈልጋል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። የሚያቅለሸልሸው ሰው የፊት ወንበር ይያዝ። ሐሮማያንና አወዳይን አልፋችሁ ትገባላችሁ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ስለሚያጨናንቀው አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይበላል።

በባቡር የሚመጣ ደግሞ አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ መሆኑን ያስብ፤ ከጣቢያው እስከ ሚኒባስ መነሻው ባጃጅ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። በአውቶብስ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በአውቶብስ የገባ ሰው ለዚያ ምሽት ምንም ባያስብ ይሻለዋል፤ ጅቡንም ለሁለተኛው ሌሊት ያቆየው። መታወቂያ ከእጅ አይራቅ፣ በዚህ መስመር ፍተሻ የተለመደ ነው።

ማደሪያ ሲመርጡ ሁለት መንገድ አለ። ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ሆቴል መያዝ፣ ወይም ጀጎል ውስጥ እንግዳ ከሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች በአንዱ ማደር። ሁለተኛው መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ግን ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ጉብኝቱ ውስጥ ናችሁ። የትም ብታድሩ ግን ሳትከፍሉ በፊት "ሮቶ አላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐረር የውሃ ችግሯ የቆየ ነው፤ ሮቶ የሌለው ቤት ውሃ በጠፋበት ቀን በባልዲ ነው የሚያስተናግደው።

አስጎብኚ፦ ለምን፣ ማን፣ በምን ውል

ጀጎል ውስጥ ያለ አስጎብኚ መዞር ይቻላል። ከ360 በላይ ጠባብ መንገዶች አሉ ቢባልም የሚጠፋ ሰው የለም፤ ቁልቁል ወይም ሽቅብ በተከታታይ ከሄዱ ግንቡ ወይም ዋናው መንገድ ላይ መውጣት ግድ ነው። አስጎብኚ የሚያስፈልገው መንገድ ለማሳየት ሳይሆን በር ለማስከፈት ነው። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ረጅም አጥርና አንድ በር ነው። ውበቱ ሁሉ ከበሩ ወዲያ ነው፣ ወዲያ ደግሞ የሰው መኖሪያ ነው። የቤቱን እመቤት የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጀጎልን ማየት ማለት አጥር ማየት ይሆናል።

ስለዚህ አስጎብኚ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ቤት ታስገባናለህ? የማን የማን?" የሚል ይሁን። ሕጋዊ አስጎብኚ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የሰጠው መታወቂያ አንገቱ ላይ ወይም ኪሱ ውስጥ አለ፤ እንዲያሳያችሁ ብትጠይቁት ቅር አይለውም። ሐረር በር ወይም ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ "ወንድሜ፣ ከየት መጣችሁ?" እያለ አብሮ መራመድ የሚጀምረው ልጅ ብዙ ጊዜ ይህ የለውም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን የሚያስገባችሁ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ይሆናል፣ የሚነግራችሁ ታሪክም ከሌላ አስጎብኚ ጀርባ ቆሞ የሰማው ነው።

ዋጋውን ስትነጋገሩ አምስት ነገር ለይታችሁ ተነጋገሩ። የአስጎብኚው ክፍያ በቡድን ነው ወይስ በሰው? (በቡድን ነው መሆን ያለበት።) የሙዚየም መግቢያ ውስጡ አለ ወይ? ለምትገቡባቸው ቤቶች የሚሰጠው ማን ይከፍላል? የጅቡስ? ባጃጁስ? ብዙውን ጊዜ የአስጎብኚው ዋጋ የእሱን ድካም ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቀሩት አራቱ ለየብቻ ይከፈላሉ። ይህ ሳይነገር ቀርቶ ማታ ላይ ሒሳብ ሲደመር ነው ጭቅጭቅ የሚነሳው። የ50 እና የ100 ብር ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ፤ ቤት ውስጥ ለእናት 200 ብር ሰጥቶ መልስ መጠበቅ ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ከግንቡ ውጭ

ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ግንቡን ከውጭ እዩት። ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው፤ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከኢማም አህመድ ጦርነት በኋላ ሐረር ተዳክማ ከተማዋን መከላከል ግድ በሆነበት ወቅት ነው። በአካባቢው ድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት ተሠርቶ ቁመቱ እንደየቦታው አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። በአማርኛ ተናጋሪው አጠራር ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ አስመአዲን በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ስለሚሏቸው አስጎብኚው ሁለቱንም እያቀላቀለ ሲናገር አትደናገጡ፣ አሥር በር የለም። መኪና የሚገባበት ሰፊው ሐረር በር በኋላ ዘመን የተጨመረ ስድስተኛ ነው። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚህ በር ላይ መሆኑ ይገርማል፤ ከስድስቱ ታሪክ የሌለው እሱ ነው።

ግንቡን ስትከተሉ ከታች በኩል ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ውሃ መውረጃም የጅብ መግቢያም ናቸው። ጅብ ማታ ማታ በነዚህ ገብቶ የቄራና የቤት ትርፍራፊ ጠርጎ ይወጣል። ማታ የምታዩት ትርኢት ከዚህ አብሮ ከመኖር የወጣ ነው፤ ጅብ መመገቡ እንግዳ ሳይመጣም ነበረ፣ በአሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ እስከ ዛሬ አለ።

ጅቡ የሚመገበው ከጨለመ በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ነው። ክልሉ ለዚሁ ብሎ ያሠራው ኢኮ ፓርክ ስላለ አስጎብኚያችሁ የትኛው ቦታ እንደሚወስዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ዘግይቶ መድረስ ጉዳቱ አንድ ነው፤ ጅብ ከጠገበ ይሄዳል፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ የምታዩት የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ጅቦች ሊሆን ይችላል።

አመጋገቡን ልብ ብላችሁ እዩ። መጋቢው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ቅርጫቱ ውስጥ በቀጭኑ የተዘለዘለ ሥጋ አለ። እያንዳንዱን ጅብ በስሙ ይጠራል። ሥጋውን ከአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ያንጠለጥልና ያቀርባል፤ ጅቡ አንገቱን አስረዝሞ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ሥጋውን ብቻ ለይቶ ይወስዳል፣ እንጨቱን አይነክስም። ቀጥሎ ተራው የእናንተ ነው። ከመጋቢው አጠገብ ተንበርክካችሁ እንጨቱን በእጅ፣ ከደፈራችሁም በጥርስ ትይዛላችሁ። ስህተቱ የሚመጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ሰው የጅቡ ፊት ሲቀርብ ይደነግጥና እጁን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጅቡ ደግሞ ሥጋውን ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ ወደ ሰውየው ደረት ይመጣል። እንጨቱን ካቀረባችሁ በኋላ አትሳቡት። መጋቢው ሥጋውን ከራሳችሁ በላይ ሲይዘው ጅቡ የፊት እግሩን ትከሻችሁ ላይ ያሳርፋል፤ ክብደቱ ይሰማችኋል፣ ጥፍሩ ስስ ልብስ ይቧጥጣል። ወፍራም ጃኬት ልበሱ፣ የምትሳሱለት ልብስ አይሁን።

ፌስታል የያዘ ወይም ሳምቡሳ ኪሱ ያለ ሰው ራቅ ብሎ ይቁም። መሮጥ የለም፣ መዳበስም የለም፤ እነዚህ የዱር ጅቦች ናቸው፣ የለመዱትም መጋቢውን እንጂ እናንተን አይደለም። ትንሽ ልጅ ከወላጁ እጅ አይለይ። ፍላሽ ዓይናቸው ላይ አታብሩ፤ ፎቶውም የሚወጣው ሁለት የሚያበሩ አረንጓዴ ነጥቦች ብቻ ሆኖ ነው። አንድ ሰው በጎን በኩል ባትሪ ቢያበራ በስልክም ጥሩ ይነሳል።

ጠዋት፦ መጀመሪያ ቤት፣ ሙዚየም በመጨረሻ

አብዛኛው አስጎብኚ ከሙዚየም ይጀምራል፤ መንገድ ላይ ስለሚቀርብና ሰዓቱን ስለሚሞላ። እንቢ በሉ። ሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ሳጥን የምታዩት ስፌት፣ ሰሌዳ፣ የእጅ ጽሑፍ ቁርአንና የሙሽራ ቀሚስ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ሳታውቁ ካያችሁት ዕቃ ብቻ ነው። ቤቱን ካያችሁ በኋላ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሐረር በር ግቡ። ፈረስ መጋላ ቁርስ አለ፤ ፉል ወይም ፈቲራ፣ ከዚያ ቡና። ከቡናው ገለባ ወይም ከቅጠሉ የሚፈላውን መጠጥ የሚያውቅ አስጎብኚ ካላችሁ አሳየን በሉት፣ ቁጢ የሚባለው ከቅጠል የሚፈላው ነው። አደባባዩ ላይ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ግብጾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1875 እስከ 1885 ከተማዋን ይዘው በነበረ ጊዜ ያሠሩት መስጊድ ነበረበት፤ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1887) ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከገቡ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁለቱንም ወገን የሚያከብር አስጎብኚ ጥሩ አስጎብኚ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት፣ ውስጥ ሁኑ። ቤተሰቡ ቁርሱን ጨርሷል፣ እንግዳም ገና አልበዛም። ከመንገዱ በር ገብታችሁ ግቢ አለ፤ ጫማ የሚወልቀው ከዋናው ክፍል ደፍ ላይ ነው። ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀዩ መደብ ላይ ነው። ክፍሉ በተለያየ ከፍታ በተሠሩ አምስት መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ነደባ ይባላሉ። ሰፊውና እንግዳ የሚበዛበት ግድር ነደባ ነው። የቤቱ አባወራ የሚቀመጠው አሚር ነደባ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ በሩን ማን እንደገባ ያያል። ሱትሪ ነደባ በአንጻሩ ከበር የማይታየው ጥግ ነው። ጢት ነደባ ትንሹ መደብ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ያለችው ዝቅተኛዋ ገብቲ ኧሔር ነደባ ለታናናሾች ናት። ስለዚህ እንደገባችሁ ዘው ብላችሁ የተመቻችሁ ላይ አትቀመጡ፤ ቆማችሁ ጠብቁ፣ እመቤቲቱ ታሳያችኋለች።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ብዛት አትቁጠሩ፣ አደራደሩን እዩ። ከላይ ከፍ ብሎ ስፌቱ፣ ከሥሩ ሳህኑና ብርጭቆው፣ ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈሉት መደርደሪያዎች ደግሞ ቁርአንና መጻሕፍት። ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ቤቱ ያላገባች ልጅ እንዳለችበት ምልክት ነው። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ክርታት ናት፤ አዲስ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ የጫጉላ ሳምንታቸውን የሚያሳልፉት እሷ ውስጥ ነው። መደቡ ቀይ የሆነው ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ ትሰማላችሁ። አስጎብኚ ሁሉ የሚለው ይህን ነው፣ ቤተሰቡም ይለዋል፤ ባዳመጣችሁበት ቤት ሁሉ ግን "እናታችሁስ ምን ትል ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል።

የሚኖርበት ቤትና የሚታይበት ቤት መለያው ቀላል ነው። የሚኖርበት ቤት ቴሌቪዥን አለው፣ የስልክ ቻርጀር ይታያል፣ ከጓዳ ሽታ ይመጣል። ሁለት ቤት ካያችሁ ይበቃል፤ ሦስተኛው ላይ ዓይን ይደክማል። ስፌት ለመግዛት ካሰባችሁ ገልብጣችሁ ታቹን እዩት፦ ጥብቅ ተደርጎ ከተሰፋ ብርሃን አያሳልፍም፣ የሰበዙ ጫፍም አይወጣም። ጥሩ ስፌት ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ዋጋው ቢበዛባችሁ ተዉት እንጂ እስከ ግማሽ ድረስ አትከራከሩ።

ከቤቱ ወጥታችሁ ወደ ግድር መጋላ ውረዱ። የሥጋ ገበያው እዚህ ነው፤ ከላይ ጭልፊቶች ይዞራሉ። በእጅ የተያዘ ሥጋም ሆነ ሳምቡሳ መንጠቅ ያውቁበታል፣ ክንፋቸው ፊት ሲመታ ያስደነግጣል፣ ስለዚህ የምትበሉትን ጣራ ሥር ብሉት። ከዚህ ወደ አሚር ኑር መቃብር ቅርብ ነው፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የመቃብርና የጸሎት ቦታዎች ቆጥሯል፤ ሦስቱ መስጊዶች 10ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የሚሄዱ ናቸው። ሁሉን አያለሁ ያለ ሰው ምንም አያይም። አንድ መቃብር፣ አንድ መስጊድ ከውጭ፣ በቂ ነው። መስጊድ ውስጥ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም፣ ጃሚዕ መስጊድም እንደዚሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ካሜራ መደቀን ያስቀይማል። የመቃብር ቦታዎቹ ላይ ጠባቂው ከፈቀደ መግባት ይቻላል፤ ሴት ራሷን ትሸፍን፣ ጫማ ይውለቅ፣ ለጠባቂው ትንሽ ይሰጥ። ሐሙስ ማታ ሐረር ካላችሁ ሼክ አባድር መቃብር ዘንድ ዚክር፣ በዜማ የሚደረገው የሌሊት ጸሎት፣ መኖሩን ጠይቁ፤ ከተቀበሏችሁ ከጅቡ የበለጠ ትዝ የሚላችሁ እሱ ነው።

ጠባቡን "የእርቅ መንገድ" ያሳዩአችኋል፣ ሁለት ሰው ትከሻ ሳይነካካ የማያልፍበት። ፎቶ አንሡና እለፉ። አንድ ነገር ግን፦ ጀጎል ውስጥ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ትልቁ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ቀለሙ ያማረ አጥር ፊት የምታልፍን እናት ከሩቅ ማንሳትም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ እምቢ ካሉ ፈገግ ብሎ ማለፍ።

አምስት ሰዓት አካባቢ በመኪና ግርግር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ተመለሱ። ሁለት ሰዓት የሚተርፋችሁ ከሆነ ጨርቅ ገዝታችሁ ቀላል ነገር፣ ሽርጥ ወይም የትራስ ልብስ፣ እዚያው አሰፍቱ፤ ሙዚየም አይታችሁ ስትመጡ ያልቃል። ሁለቱ ሙዚየሞች ከዚህ አይርቁም። የሸሪፍ ሙዚየም ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው፤ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ሐረር ራሷ ያሳተመችው ሳንቲም፣ ጎራዴና ጌጣ ጌጥ አለ። አንድ ሰዓት ስጡት። የመጻሕፍቱን አደጓጎስ የሚያስረዳ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል።

ቀጥሎ የራምቦ ቤት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ መጥቶ እስከ 1891 ድረስ ወጣ ገባ እያለ ሐረር ኖሯል። ይህ ባለቀለም መስተዋት የእንጨት ቤት ግን የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፣ ራምቦ ራሱ ኖሮበታል ለማለት አያስደፍርም። ለቤቱ ብቻ የሚሄድ ቅር ይለው ይሆናል። የሚያስኬደው የድሮ ሐረር የፎቶ ስብስቡና ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የከተማው ጣሪያ ነው። ሰላሳ ደቂቃ በቂው ነው። ሰዓት ካጠረ የሚቀረው ይህ ይሁን እንጂ ቤት መግባቱ አይሁን።

ቀኑን ስትመርጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ይበዛል፤ የጀጎል ድንጋይ ብዙ እግር ያለሰለሰው ስለሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሆንም። ዓርብ ጠዋት ብትጀምሩ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ከተማው ለጁምዓ ይዘጋል፤ ለዓርብ ብቻ ሙዚየሙን አስቀድሙት። በረመዳን ቀን ጀጎል ውስጥ ምግብ አታገኙም፣ ማታ ግን ከተማዋ እስከ ሌሊት ትነቃለች፣ አጥሮቹም አዲስ ቀለም ለብሰው ነው የሚጠብቋችሁ። ሸዋል ኢድ፣ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያበቃ የሚከበረው፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ ሳምንት አልጋ ከወር በፊት ካልተያዘ አይገኝም፣ ቤት ማስጎብኘትም ይከብዳል፤ ቤተሰቡ የራሱ እንግዳ አለበት። ለበዓሉ የመጣ ሰው ለበዓሉ ይምጣ፣ ጀጎልን ለማየት ሌላ ቀን።

ባቢሌ የግመል ገበያ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አይገባም። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጅጅጋ መንገድ፤ ሦስተኛ ቀን ጨምሩ ወይም ተዉት።

መመለሻው ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። የማታ በረራ ያለው ሰው ከሐረር ስምንት ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፣ አወዳይ በዚያ ሰዓት የጫት ንግዱ የጦፈ ነው፣ ፍተሻም አለ። አራት ሰው ከሆናችሁ ኮንትራት ያዙ፤ ለሰው ሲካፈል ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሲመሽ ሚኒባሱ እየሳሳ ስለሚሄድ የነገ ጠዋት በረራ ያለውም ቢሆን ድሬዳዋ ወርዶ ማደሩ ይሻለዋል። ቡና ከገዛችሁ ጀጎል ውስጥ እዚያው የሚቆሉ ቤቶች አሉ፤ ሳይፈጭ ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ በፌስታል ሁለቴ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ልብሱ ሁሉ ቡና ቡና ይላል።